ስለ ቅጥር ብዝኃነት የጻፍኩትን አስተያየት ለመሥሪያ ቤቴ ልላከው ወይስ ልተወው?

ዘሲያትል (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ሲያትል በሚገኝ አንድ መካከለኛ የሶፍትዌር ኩባንያ መሥራት ከጀመርኩ ሰባት ዓመት ሆኖኛል። ለመጨረሻ ቃለ መጠይቅ ከሚጠሩት አራት ተወዳዳሪዎች መካከል ቢያንስ አንዷ ሴት፣ ቢያንስ አንዱ ደግሞ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ቁጥራቸው አነስተኛ ከሆነ ወገኖች እንዲሆን የሚያደርግ የቆየ ልማድ አለን። ባለፈው ወር የሰው ሀብት ክፍሉ ይህ ልማድ በጽሑፍ ደንብ ሆኖ ይጽና ወይስ ይቅር የሚል ረቂቅ በውስጥ መወያያ ገጻችን ላይ አውጥቶ፣ ሠራተኛው ሁሉ «በግልጽነት» አስተያየቱን እንዲሰጥ ጠይቆናል። ከ2025 እ.ኤ.አ. መግቢያ ጀምሮ ትልልቆቹ ኩባንያዎች እንዲህ ያለውን አሠራር ሲተዉ ስላዩ፣ የእኛዎቹም ወዴት እንደሚያዘነብሉ ግራ የገባቸው ይመስለኛል።

እኔም ተቀምጬ ሦስት ገጽ ጻፍኩ። ጽሑፉ ሁለት ክፍል አለው። በመጀመሪያው ክፍል በዓይኔ ያየሁትን ተርኬያለሁ። ባለፈው ዓመት በአንድ ኃላፊ ጥቆማ የመጣ ሰው ይቀጠር ተብሎ ካለቀ በኋላ፣ ቁጥሩን ለመሙላት ብቻ አንዲት ተወዳዳሪ ከስፖኬን ተጠራች። አራት ሰዓት ከግማሽ መኪና ነድታ መጣች፤ ከአምስት ጠያቂዎች ጋር እየተፈራረቀች ነጭ ሰሌዳ ላይ ስትጽፍ ዋለች። ከአምስቱ አንዱ እኔ ነበርኩ። ስትወጣ ለመኪና ማቆሚያ የከፈለችበትን ደረሰኝ ለማን እንደምትሰጥ ጠየቀችኝ። ለዚያ ቦታ የታሰበው ሰው የሥራ ውል ግን ከሁለት ቀን በፊት ተልኮለት ነበር፤ ይህን ያወቅኩት በማግሥቱ ነው።

በሁለተኛው ክፍል የምመራው ቡድን ውስጥ አንዲትም ሴት የሌለችው ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ሞክሬያለሁ። ቡድናችን ሲስተሙ ሌሊት ሲወድቅ ተነሥቶ የሚያስተካክል ተረኛ ቡድን ነው። የጻፍኩት አንቀጽ ቃል በቃል ይህን ይላል፦ «ሴቶች በተፈጥሯቸው ለጭንቀት ይበልጥ ተጋላጭ በመሆናቸው ወደ ሌሊት ተረኝነት አያዘነብሉም፤ ስለዚህ በዚህ ቡድን ውስጥ ቁጥራቸው ማነሱ የአድልዎ ማስረጃ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።» ይህን ያነበብኩት ከሳይንሳዊ ጽሑፎች ነው እንጂ ማንንም ለመንካት አይደለም።

ባለቤቴ ሁሉንም አንብባ ስትጨርስ «ይህን ብትልክ የዚያ የጉግሉ ልጅ ዕጣ ይደርስሃል» አለችኝ። እኔ ደግሞ የምንኖረው የመናገር ነፃነት ባለበት አገር ነው፣ አስተያየት ስጡ ያሉትም ራሳቸው ናቸው ብዬ ተከራከርኳት። ማናችን ልክ ነን? ሕጉን የምታውቁ ብትኖሩ፣ ወይም በተመሳሳይ ነገር ያለፋችሁ ብትኖሩ ምክራችሁን እሻለሁ።


ከሜሪላንድ

በመጀመሪያ አንድ ነገር ላስቀድም፤ ጠበቃ አይደለሁም። የሥራ ክርክሮችን በሚይዝ የሕግ ቢሮ ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ፋይል ሳገላብጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የምጽፈውን በዚያው ልክ ይመዝኑት።

ባለቤትዎ ልክ ናቸው። ብዙዎቻችን ወደዚህ አገር ስንመጣ ይዘነው የመጣነው ስሕተት ይህ ነው፤ የመጀመሪያው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የሚያስረው መንግሥትን እንጂ የግል አሠሪን አይደለም። ፖሊስ ስለ ጽሑፍዎ ሊይዝዎ አይችልም፤ አለቃዎ ግን ሊያሰናብትዎ ይችላል። ከሞንታና በቀር በሁሉም ግዛቶች የሚሠራበት የቅጥር መርሕ አሠሪው በማንኛውም ጊዜ፣ በማንኛውም ምክንያት ወይም ያለ ምክንያት ሠራተኛውን ለማሰናበት እንዲችል ይፈቅድለታል፤ የተከለከሉት በሕግ ተለይተው የተዘረዘሩት ምክንያቶች ብቻ ናቸው። አገር ቤት በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሥር የሠራ ሰው ነገሩ ተገልብጦ ይታየዋል፤ በዚያ አሠሪው ለማሰናበት ምክንያት ማቅረብ አለበት፣ አንቀጽ 26ም ሠራተኛው በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረቡና የፖለቲካ አመለካከቱ ለስንብት በቂ ምክንያት እንደማይሆኑ በግልጽ ይጠቅሳል። (የመንግሥት ሠራተኛ ለሆናችሁ አንባቢዎች፦ የእናንተ ጉዳይ ሌላ ነው፤ እርሱም ቢሆን በ2006 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሥራ ግዴታ የተነገረ ቃል ጥበቃ የለውም ካለ ወዲህ ጠብቧል።)

አሁን ወደ ጉግሉ ልጅ ልምጣ፤ የእርስዎ ጽሑፍ ከእርሱ ጋር የሚመሳሰለው ባለቤትዎ ከጠረጠሩትም በላይ ነው። ጄምስ ዳሞር በጉግል የሶፍትዌር መሐንዲስ ነበር። በ2017 እ.ኤ.አ. ስለ ኩባንያው የብዝኃነት ፕሮግራሞች አሥር ገጽ ገደማ ማስታወሻ ጽፎ በውስጥ አሰራጨ። ማስታወሻው በነሐሴ 5 በይፋ ወጣ፤ በነሐሴ 7 ከሥራ ተሰናበተ። ሥራ አስፈጻሚው ሰንዳር ፒቻይ በዚያው ሰሞን ለሠራተኞቹ በጻፈው ደብዳቤ፣ አብዛኛው ጽሑፍ ለክርክር የሚቀርብ መሆኑን አምኖ፣ በጾታ ላይ ጎጂ የጅምላ ፍረጃ ያደረጉት ክፍሎች ግን የሥነ ምግባር ደንቡን ይጥሳሉ አለ።

ዳሞር ለብሔራዊ የሠራተኛ ግንኙነት ቦርድ አቤት ብሎ ነበር። የቦርዱ የሕግ ባለሙያ በጥር 2018 እ.ኤ.አ. የሰጠችው አስተያየት ለእርስዎ ጥያቄ ቁልፍ ስለሆነ ቀስ ብለው ያንብቡት። በ1935ቱ የሠራተኛ ግንኙነት ሕግ ክፍል 7 መሠረት ሠራተኞች ስለ ሥራ ሁኔታቸው በጋራ የመነጋገር መብት አላቸው፤ ይህ መብት ማኅበር ለሌለው ሠራተኛም ይሠራል። ባለሙያዋ ጽሑፉን ለሁለት ከፈለችው። ኩባንያው ፕሮግራሞቹን እንዴት እንደሚያካሂድ፣ የተለየ አስተያየት ያላቸው ሰዎች እንዴት እንደሚስተናገዱ የተቹት ክፍሎች ጥበቃ ያላቸው እንደሚሆኑ ገመተች። ሴቶች በተፈጥሯቸው ለጭንቀት ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው የሚለውንና የወንዶችን የአእምሮ ብቃት ሥርጭት የሚመለከተውን ክፍል ግን ከጥበቃ ውጪ አደረገችው። ካቀረበቻቸው ማስረጃዎች አንዱ ቢያንስ ሁለት ሴት ተወዳዳሪዎች ማስታወሻውን በስም ጠቅሰው ከቅጥር ሂደቱ መውጣታቸው ነበር። ጉግል ያሰናበተው ጥበቃ በሌለው ክፍል ምክንያት ብቻ መሆኑን ሲያሰናብተው በጥንቃቄ ስለ ገለጸ፣ ሕግ አልተጣሰም ስትል ደመደመች። ዳሞርም አቤቱታውን አነሣ። ይህ የባለሙያ አስተያየት እንጂ የቦርዱ ፍርድ አለመሆኑን ልብ ይበሉ።

የእርስዎም ሦስት ገጽ በዚያው ስፌት ላይ ለሁለት ይቀደዳል።

ግን ከዚህ ሁሉ የከፋ ነገር አየሁበት። «የምመራው ቡድን» ብለዋል። የሥራ ግምገማ ይጽፋሉ? ይቀጠር ወይም ይሰናበት ብለው የሚያቀርቡት ሐሳብ ይሰማል? ከሆነ በ1947 እ.ኤ.አ. በወጣው ማሻሻያ የበላይ ተቆጣጣሪዎች ከክፍል 7 ጥበቃ ስለ ወጡ፣ ዳሞር ያገኘውን ያህል ክርክር እንኳ እርስዎ አያገኙም። በዚያ ላይ ነገ አንዲት ሴት በጾታዬ ምክንያት ወደ ሌሊቱ ቡድን አልተዛወርኩም ብላ ብትከስ፣ ጠበቃዋ መጀመሪያ የምታቀርበው ወረቀት ኃላፊው በገዛ እጁ የጻፈው የእርስዎ አንቀጽ ይሆናል። ሲያትል የፖለቲካ አመለካከትን ከአድልዎ የሚከላከል የከተማ ሕግ አላት፤ ነገር ግን ስለ ባልደረቦችዎ ብቃት የተጻፈን አንቀጽ በዚያ ጥላ ሥር ለማስገባት መሞከርን አልመክርዎትም።


እኅተ ማርያም

ወንድሜ፣ ከላይ ያሉት ስለ ሕጉ ጨርሰውታል፤ እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ አንቀጽ ከወዲህኛው ወገን ሲነበብ ምን እንደሚመስል ልንገርዎ። ሳን ሆዜ ነው የምኖረው፤ ኮድ ስጽፍ 16 ዓመት ሞልቶኛል።

በነሐሴ 2017 በጉግል አልሠራም ነበር። ነገር ግን ያ ማስታወሻ የወጣ ሰሞን እዚህ ሲሊከን ሸለቆ ውስጥ ያልደረሰበት የምሳ ክፍል አልነበረም። ምሳዬን ማይክሮዌቭ ውስጥ አስገብቼ ቆሜ ሳለ አንድ ባልደረባዬ፣ ጨዋ ሰው፣ ተጠግቶ «አንቺስ ምን ትያለሽ፤ ሳይንሱ ልክ ነው?» አለኝ። አስቡት፤ እርሱ ስለ አንድ ሐሳብ እየጠየቀኝ ነበር፤ እኔ ግን የተጠየቅኩት እዚያ ሕንፃ ውስጥ መቆሜ ተገቢ ስለ መሆኑ ነው። የማይክሮዌቩ ደቂቃ እስኪያልቅ የሆነ ነገር ተናግሬ ሸሸሁ። ከሰዓት በኋላ የእርሱን ኮድ የምገመግም እኔ ነበርኩ። ስሕተት አግኝቼ ስጽፍለት እያንዳንዱን ቃል ሦስት ጊዜ አነበብኩ፤ የተናደድኩ እንዳይመስለው፣ ከሁሉ በላይ «የተጨነቅኩ» እንዳይመስለው። የዚያን ቀን ሥራዬ ሁለት እጥፍ ነበር።

ወደ አንቀጽዎ ልምጣ። በብዙ ሚሊዮን ሰዎች መካከል የሚታይ የአማካይ ልዩነት እውነት ነው ብለን እንኳ ብንቀበል፣ በእርስዎ መሥሪያ ቤት የቅጥር ፈተና አልፋ ስለ ገባች ስለ አንዲት የተለየች ሴት የሚነግርዎ ነገር የለም። ዳሞርም ራሱ ሰውን በግሉ እንጂ በወገኑ አትመልከቱት ብሎ ጽፎ ነበር፤ የሚገርመው ከዚያው ጋር ለወገን የሚሆን ማብራሪያ መደርደሩ ነው። ሐኪም ቤት ሄዳችሁ ታውቁ እንደሆነ፣ ነርሶቹ ሌሊቱን ሙሉ ቆመው የሚያድሩት ሴቶች ናቸው። እናቶቻችንም ልጅ ሲታመም ያደሩት በተራ አልነበረም። ሌሊት መነሣትና ጭንቀት መቻል የወንድ ተፈጥሮ ነው ሲባል ሳቄ ይመጣል።

ስለ ሌሊት ተረኝነት ግን ከልምዴ የማውቀው አለኝ። በፊት የነበርኩበት መሥሪያ ቤት ተራው ሰባት ሌሊት በተከታታይ ነበር። ስልኩ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ካልተመለሰ ጥሪው ወደ አለቃ ያልፋል። ለተራው የተለየ ክፍያ አልነበረም፤ ሌሊቱን ሲሠራ ያደረ ሰው ጠዋት በሦስት ሰዓት ስብሰባ ላይ ይጠበቃል። በቡድኑ ውስጥ ሴት አልነበረችም። በኋላ ሌሊቱን አየርላንድ ላሉት ባልደረቦች አስረክበን እኛ ቀኑን ብቻ ስንይዝ፣ በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ሴቶች ተዛውረው መጡ፤ አንዷ እኔ ነኝ። በዚያ ዓመት ተፈጥሯችን የተለወጠ አይመስለኝም። ሲጨመርበት ደግሞ፣ ከዚያ በፊት ሸሽተው የነበሩ ሦስት ወንዶችም ተመለሱ። እርስዎ ተራ አወጣጡን ሳይመረምሩ የሴቶችን ነርቭ መረመሩ።

ይህን ካልኩ በኋላ ብዙ ጓደኞቼ የማይወዱልኝን ልናገር። ዳሞር በሁለት ቀን መሰናበቱ ጥሩ አልነበረም ብዬ አምናለሁ። በዚያ ዓመት ጉግል ራሱ ባወጣው ቁጥር ከቴክኒክ ሠራተኞቹ መካከል ሴቶች 20 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያ ቁጥር ለምን እንዲህ እንደሆነ በአደባባይ የሚመልስ ሰው ያስፈልግ ነበር። ኩባንያው ሁሉንም ሠራተኛ ሰብስቦ ሊነጋገር ቀጠሮ ይዞ፣ ጥያቄ ያቀረቡ ሠራተኞች ስማቸው ውጪ ተለጥፎ ለስድብ ሲዳረጉ ስብሰባው ተሰረዘ። መልሱ ሳይሰጥ ቀረ፤ ሰውዬው የአንዱ ወገን ሰማዕት ሆነ። እኔ ደግሞ በማይክሮዌቩ አጠገብ ለብቻዬ መልስ እንድሰጥ ተተውኩ።


ዝምታ ለበግም

የተከበራችሁ ጸሐፊዎች፣ ሁለታችሁም ጠያቂውን ከሁለተኛው ክፍል አድናችሁ ወደ መጀመሪያው ክፍል እየገፋችሁት ነው። ሁለተኛውን አንቀጽ ቢያወጣው ደስ ይለኛል፤ ሐሳቡ ደካማ ነውና። ነገር ግን ራሱን ከስንብት ያዳነ እንዳይመስለው። ኩባንያዎች ስለ ሴቶች በተነገረ ክፉ ቃል የሚቆጡት ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ነው፤ ስለ ራሳቸው በተነገረ እውነት ግን ጋዜጣ ሳይደርስም ይቆጣሉ።

ለዚህ ምስክር የምጠራው ሩቅ አይደለም። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችውን፣ ከኤርትራውያን ቤተሰብ የተገኘችውን ትምኒት ገብሩን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ፊት አይተው ጾታን የሚለዩ ፕሮግራሞች ጥቁር ሴቶችን ከነጭ ወንዶች እጅግ በበለጠ እንደሚስቱ በ2018 እ.ኤ.አ. ከባልደረባዋ ጋር ያሳየች ሳይንቲስት ናት። ጉግል የሰው ሠራሽ አስተውሎት የሥነ ምግባር ቡድኑን በጋራ እንድትመራ ቀጠራት። በ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከሌሎች ጋር ስለ ትልልቅ የቋንቋ ሞዴሎች ጉዳት የጻፈችውን የምርምር ጽሑፍ እንድታነሣ ወይም የጉግል ሠራተኞችን ስም እንድታወጣ ታዘዘች። እርሷም ምክንያቱ ይነገረኝ አለች፤ ካልሆነ የምሄድበትን ቀን እንነጋገራለን የሚል ቅድመ ሁኔታ አቀረበች፤ ለሴት ባልደረቦቿና ለደጋፊዎቻቸው የኢሜይል ቡድንም ኩባንያው ስለ ብዝኃነት የሚናገረውና የሚሠራው አይገናኝም ስትል ጻፈች። ኩባንያው «መልቀቂያሽን ተቀብለናል» አለ፤ እርሷ ደግሞ ተባረርኩ አለች። ከ2,000 በላይ የኩባንያው ሠራተኞች በተቃውሞ ፈረሙ፤ ፒቻይም በኋላ ጉዳዩ በሠራተኛው ላይ ላሳደረው ስሜት ይቅርታ ጠየቀ። ከላይ «የምመራው ቡድን» ስለሚለው ቃል የተጠየቀውን ጥያቄ አስታውሱ፤ ለትምኒት የተጻፈላት ደብዳቤም ኢሜይሏ ከአንድ የጉግል ኃላፊ ከሚጠበቀው ጠባይ ጋር አይሄድም የሚል ነበር።

እንግዲህ ዳሞር ብዝኃነቱ በዛ ብሎ፣ ትምኒት ብዝኃነቱ የይስሙላ ነው ብላ፣ ሁለቱም በአንድ በር ወጡ። ሁለቱን አላስተካክልም፤ አንዱ ስለ ባልደረቦቹ ተፈጥሮ ጻፈ፣ ሌላዋ ስለ አለቆቿ ሥራ። ግን በሩ አንድ ነው። በኅዳር 2018 እ.ኤ.አ. 20,000 ያህል የጉግል ሠራተኞች በጾታዊ ትንኮሳ አያያዝ ምክንያት በየከተማው ሥራ አቁመው ወጡ፤ ያን ጊዜ ሁሉንም ማሰናበት ስለማይቻል ኩባንያው ከጥያቄዎቹ አንዱን ተቀበለ። በሚያዝያ 2024 ግን ከእስራኤል መንግሥት ጋር የተደረገውን ውል ተቃውመው ቢሮ ውስጥ የተቀመጡትን፣ በመጀመሪያው ዙር ብቻ 28 ሰዎች አሰናበተ። ኮይንቤዝ የተባለው ኩባንያ በ2020 እ.ኤ.አ. በሥራ ቦታ የፖለቲካ ክርክር ይቅር ብሎ ያልተስማማው ገንዘብ ተቀብሎ እንዲሄድ ሲያደርግ 60 ሰዎች ወጡ። ቢያንስ እነዚህ አስቀድመው ተናገሩ፤ «በግልጽነት አስተያየት ስጡ» ብለው አልጋበዙም። ግብዣውን ነው የምፈራው።

ስለዚህ ጠያቂው ይወቅ፦ ሁለተኛው ክፍል በደንቡ ያስወጣዋል፤ የመጀመሪያው ክፍል፣ የስፖኬኗ ሴት ታሪክ፣ ያለ ደንብ ያስወጣዋል። ያ ታሪክ የአንድን ኃላፊ ስም ሳይጠራ ይነካል። ስድስት ወር ቆይቶ «የመዋቅር ማስተካከያ» የሚል ደብዳቤ ይመጣል። በሥራ ቪዛ ላይ ያለ ሰው ከሆነ ደግሞ ሌላ አሠሪ ለማግኘት ያለው ጊዜ ቢበዛ 60 ቀን ነው። ይህን ሁሉ የምለው እንዳይጽፍ አይደለም፤ ስሜን አይታችሁታል።


ዘሲያትል (ጠያቂ)

ለሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኅተ ማርያም የጻፉትን ሳነብ መጀመሪያ ክፉኛ ቅር ብሎኝ ስልኬን ዘግቼ ወጣሁ፤ አልደብቅም። በማግሥቱ በሌላ ቡድን ያለች አንዲት ባልደረባዬን ወደ እኛ ለመዛወር ለምን ጠይቃ እንደማታውቅ ጠየቅኳት። ምንም አልተናገረችም፤ ወደ ኮሪደሩ ወስዳ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የተራ ሰሌዳችንን አሳየችኝ። ሰባት ሌሊት በተከታታይ፣ ልክ እንዳሉት። ሰሌዳውን የማዘጋጀው እኔ ነኝ። እኔ ራሴ ልጄ በተወለደች ጊዜ ሦስት ወር ከሌሊት ተራ ወጥቼ ነበር፤ ያን ጊዜ ስለ ተፈጥሮዬ ማንም አልጻፈም።

ለተጠየቅኩት ልመልስ። አዎ፣ የአምስት ሰዎችን የሥራ ግምገማ እጽፋለሁ፤ በቅጥር ላይም ድምፅ አለኝ። ቪዛ አያሰጋኝም፤ ዜግነት ከወሰድኩ ቆይቻለሁ። አሁን የሚያስጨንቀኝ የመጨረሻው አስተያየት ነው። የመጀመሪያውንም ክፍል ካወጣሁት የሚቀረኝ ሰላምታና ፊርማ ነው።


ከሜሪላንድ

ዝምታ ለበግም የጻፉት ስለ ዓለሙ ልማድ ከሆነ አልከራከራቸውም። ስለ ሕጉ ከሆነ ግን ግማሹን ገልብጠውታል፤ ጠያቂውም ይህን ሳያውቁ እንዳይወስኑ እፈልጋለሁ።

ከክፍል 7 ሌላ ጥበቃ አለ። በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ምዕራፍ 7፣ በዘር ወይም በጾታ የሚደረግ አድልዎ አለ ብሎ በቅን ልቦናና በበቂ ምክንያት የተቃወመን ሠራተኛ መበቀል ክልክል ነው፤ ይህ ጥበቃ የበላይ ተቆጣጣሪን አያገልልም። አንዲት ሴት በጾታዋ ተመርጣ፣ ውጤቱ ባለቀ ውድድር ውስጥ ለማሟያ እንድትቀመጥ መደረጓ አድልዎ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ያንን በግልጽ ቃል ቢጽፈው በዚህ ጥላ ሥር ለመቆም የሚያስችል ክርክር ይኖረዋል። ልብ ይበሉ፣ ሕጉ ወገን አይለይም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሰኔ 2025 እ.ኤ.አ. በአንድ ድምፅ እንደወሰነው ከብዙኃኑ ወገን የሆነ ከሳሽም የሚጠየቀው ማስረጃ ከሌላው የበለጠ አይደለም። ስለዚህ ደንቡ ይጽና የሚሉም፣ ደንቡ ራሱ አድልዎ ነው የሚሉም፣ ክርክራቸው በዚህ ቋንቋ እስከ ቀረበ ድረስ የሚቆሙበት መሬት አላቸው። ስለ አንድ ወገን ነርቭ የሚጽፍ ግን የለውም።

አሁን ያለው ጽሑፍዎ «አየሁ፣ አዘንኩ» ይላል። ማዘን ጥበቃ የለውም። «ይህ አሠራር በጾታ ላይ የተመሠረተ አድልዎ ነው ብዬ አምናለሁ፤ እንዲመረመር እጠይቃለሁ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምሩበት። ቀኖቹን ይጻፉ፤ ውሉ መቼ እንደ ተላከ፣ ቃለ መጠይቁ መቼ እንደ ተደረገ። ተወዳዳሪዋን የሚያሳውቅ ምንም ነገር፣ የመጣችበትን ከተማ ጭምር፣ ያውጡ፤ ፈቃዷን አልጠየቁምና። በመወያያ ገጹ ላይ ከመለጠፍዎ በፊት ለሰው ሀብት ክፍል በቀጥታ ይላኩት፤ ከቅጥር መዝገቡ አንድም ገጽ ወደ ግል ኢሜይልዎ አያስተላልፉ፣ ብዙ ጥሩ ክርክር በዚያ ሲበላሽ አይቻለሁ። ቢበቀሉዎት በዋሽንግተን ግዛት ለፌዴራሉ የእኩል ሥራ ዕድል ኮሚሽን አቤት የሚሉበት ጊዜ 300 ቀን ነው።

ጥበቃው ስንብቱን አይከለክልም፤ ከስንብቱ በኋላ ይደርሳል። ዝምታ ለበግም በዚህ ልክ ናቸው።


እኅተ ማርያም

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የሌሊቱን ክፍል ሙሉ በሙሉ አያውጡት፤ ይገልብጡት። «በቡድኔ ውስጥ ሴት የለችም፤ የተራ ሰሌዳው ሰባት ሌሊት በተከታታይ ነው፤ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ እንዲህ እለውጠዋለሁ» ብለው ይጻፉ። ስለ ራስዎ ጥፋት የጻፉ ሰው ስለ ሌላው ሲጽፉ ይሰማሉ። ተራውን ለሁለት ቢከፍሉት ይበቃል፤ አየርላንድ ቢሮ ከሌላችሁ ሦስት ሌሊትና አራት ሌሊት አድርጉት፣ ሌሊት ያደረ ሰውም እስከ ቀትር አይጠራ።


ዘሲያትል (ጠያቂ)

ሦስቱ ገጽ አንድ ገጽ ከሩብ ሆነ። ስለ ተፈጥሮ የጻፍኩት ወጥቷል። የተራ ሰሌዳውን ዛሬ ሦስትና አራት አድርጌ ለጥፌዋለሁ፤ ከአምስቱ ሁለቱ ገና ካሁኑ ቅር ብሏቸዋል፣ እርሱን ከእነርሱ ጋር እጨርሳለሁ። የከተማዋን ስም አውጥቼ ቀኖቹን አስገብቻለሁ፤ «አድልዎ ነው ብዬ አምናለሁ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ እጄ ትንሽ ዘገየ። ባለቤቴ አንብባ ምንም ሳትል መለሰችልኝ፤ እንደ ይለፍ ቆጥሬዋለሁ። ሰኞ ጠዋት ለሰው ሀብት ክፍል እልከዋለሁ።

ሌላም ነገር አደረግኩ። የዚያች ተወዳዳሪ የመኪና ማቆሚያ ደረሰኝ 32 ዶላር ነበር። ተቀብዬ ለሒሳብ ክፍል አስተላልፌው እንደ ነበር አስታወስኩና ተከፍሏት እንደሆነ ዛሬ ጠየቅኩ። እስካሁን አልመለሱልኝም።